መልስ፦ ሶንድሃይምን ሳላውቅ «ኦልድ ፍሬንድስ» ይገባኛል?

ይገባሃል፤ ግን ታሪክ አትጠብቅ። አሜሪካዊው የሙዚቃዊ ተውኔት ዜማና ግጥም ደራሲ ስቲቨን ሶንድሃይም በ2021 እ.ኤ.አ. ካረፈ በኋላ ፕሮዲዩሰሩ ካሜሮን ማኪንቶሽ ለመድረክ ያበቃው የመታሰቢያ የዘፈን ትርኢት ነው፤ ዘፈኖቹ ከየሥራው ተለቅመው ይደረደራሉ እንጂ አንድ ሴራ አያያይዛቸውም። አዲስ አድማጭ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው፦ ማን ለማን፣ ለምን እንደሚዘፍን አይነገረውም።

ስለዚህ ቀድመህ ከሙዚቃዊ ተውኔቶቹ «ካምፓኒ»ን (1970)፣ «ኤ ሊትል ናይት ሚዩዚክ»ን (1973) እና «ስዊኒ ቶድ»ን (1979) ግጥሙን እያነበብክ ስማ። ጊዜ ከሌለህ «ስዊኒ ቶድ» ብቻ ይበቃል።

በትርኢቱ ላይ ተዋናይቷና ዘፋኟ በርናዴት ፒተርስ የዘፈነችውን «ሴንድ ኢን ዘ ክላውንስ» ግን እንዳትዘለው! ሶንድሃይም የጻፈው በ«ኤ ሊትል ናይት ሚዩዚክ» ለተወነችው ለግሊኒስ ጆንስ ነበር፤ ድምጿ ያማረ ቢሆንም ትንፋሿ ረጅም ስላልነበረ ሐረጎቹን አሳጠራቸው። ዘፋኝ በትልቅ ድምፅ ልጎትታቸው ሲል የሚበላሸውም ለዚህ ነው። በየሐረጉ መካከል ያለውን ዝምታ አዳምጥ፣ የዘፈኑ ባለታሪክ የሆነችው ሴት ጸጸት ያለው እዚያ ነው።

«ዌስት ሳይድ ስቶሪ» የተባለውን ሙዚቃዊ ተውኔት ዜማ ደግሞ ለሶንድሃይም አትስጥ፤ ዜማው የሊዮናርድ በርንስታይን ነው፣ የሶንድሃይም ግጥሙ ነው።

«ኦልድ ፍሬንድስ» በ2025 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ላይ ሲታይ ፊሊፒናዊቷ ዘፋኝ ሊያ ሳሎንጋ ከፒተርስ ጋር አንድ መድረክ መቆሟ የሶንድሃይምን አፍቃሪዎች ማስፈንደቁ ሲያንስ ነው!