ቀይ ውሃ ለቆ የሚሰወረው እንስሳ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች። ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ሰሞኑን ከጓደኛዬ ጋር ስልክ ላይ አንድ ቪዲዮ አየን። ትንሽ ዓሣ ነባሪ ነገር ውሃውን ቀይ አድርጎት እልም አለ። እኔ ዓሣ ነባሪ ነው ስለው፣ እሱ ደግሞ «ሻርክ ነው፣ ስንጥቡን አታይም ወይ?» ብሎ ድርቅ አለ። ቡና ተወራርደናል፣ እስቲ ገላግሉን። በዚያው ደግሞ፣ ጣና ላይ ቢለቀቅ ይኖር ነበር?

መልስ፦ ቡናውን ጓደኛህ ይግዛ። እንዳልከው ከሆነ ያያችሁት ድንኩን ስፐርም ዌል የሚባለውን ትንሽ ዓሣ ነባሪ ነው፣ ወይም የቅርብ ዘመዱን ፒግሚ ስፐርም ዌልን። እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ብዙ አትድከም፤ ለረጅም ጊዜ እንደ አንድ ዝርያ ሲቆጠሩ ኖረው በደንብ የተለዩት በ1966 እ.ኤ.አ. ነው።

ጓደኛህ ላይም አይፈረድም። እንስሳው ከዓይኑ ኋላ ነጣ ያለ ቅስት ምልክት አለው፣ ቁርጥ የዓሣ ስንጥብ ነው የሚመስለው። ግን የቆዳ ቀለም ብቻ ነው፤ የሚተነፍሰው እንደኛ በሳንባ ነው። አፉም ትንሽ ሆኖ ከጭንቅላቱ ሥር ሸሸት ብሎ ስለተቀመጠ ሻርክነቱን ያባብሰዋል። ይህ መመሳሰል አዳኞችን ሳያሳስትለት አይቀርም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ።

ቀዩ ነገር ደም አይደለም። አንጀቱ መጨረሻ አካባቢ ባለ ከረጢት ውስጥ ቀላ ያለ ቡናማ ፈሳሽ ያጠራቅማል (ከየት በኩል እንደሚወጣ ቡናው ላይ ባታነሱት ይሻላል)። ሻርክ ወይም ኦርካ (ገዳይ ዓሣ ነባሪ የሚሉት) ሲያስደነግጠው ይለቀዋል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ እሱ በዚያ ተከልሎ ወደ ታች ይወርዳል። ከዓሣ ነባሪዎች ሁሉ ይህን ዘዴ የሚጠቀሙት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

የድንኩ ርዝመት ቢበዛ 2.7 ሜትር፣ ክብደቱም 270 ኪሎ ገደማ ነው፤ ወንዱ ትልቁ ስፐርም ዌል ግን 16 ሜትር ይደርሳል። ድንኩ የሚገኘው ሞቃትና ለብ ባሉ ውቅያኖሶች ነው፣ ለኛ የሚቀርበው የሕንድ ውቅያኖስ ነው። እሱን ማየት ግን ዕድል ይጠይቃል። የጣና ጉማሬ ሲተነፍስ ከሩቅ ትሰማዋለህ፣ ይሄ ግን ውሃ ላይ ፈዞ ተንሳፎ ይቆይና ጭራውን እንኳ ሳያነሳ ቀስ ብሎ ይሰምጣል። ማዕበል ካለ በቃ፣ አጠገብህ ቢሆንም አታየውም። ስለ እሱ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተገኘውም ሞቶ ወይም ሊሞት ሲል ባሕር ዳርቻ ላይ ከተጣለው ነው።

ጣና ላይ? አይኖርም። ዋና ምግቡ ስኩዊድ የሚባለው ባለ ብዙ ክንድ የባሕር እንስሳ ነው፣ እሱን ፍለጋ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ይጠልቃል፤ ጣና ደግሞ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 15 ሜትር ቢሆን ነው። ስኩዊድ ራሱ ከጨው ውሃ ውጭ ስለማይኖር፣ ጥልቀቱ ቢኖር እንኳ ጦሙን ነበር የሚያድረው።