መልስ፦ ባሌስትራው አጠገብ የተሰነጠቀ የተጎታች ቤት ሻንሲ

ሰላም ወንድሜ። የተጎታች ቤትህ ባሌስትራ (ቤቱን ከጎማዎቹ በላይ የሚሸከመው የተደራረበ የብረት ሞላ) መያዣ የተበየደበት ቦታ፣ ሻንሲው (የቤቱ የታች ብረት) ላይ ስንጥቅ አይተህ «ላስበይደው ወይስ ልሽጠው?» ብለሃል። ይጠገናል፤ እስኪጠገን ግን እባክህ አትጎትተው።

መጀመሪያ የስንጥቁን ጫፍ ፈልግ። ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ አንሳና የስንጥቅ መፈለጊያውን ቀይ ፈሳሽ ንፋበት። ጥቂት ደቂቃ ቆይተህ በደንብ ጥረግና ቀዩን ከስንጥቁ የሚያወጣውን ነጭ ፈሳሽ ንፋ፤ ቀይ መስመር ይወጣል። ብዙ ጊዜ በዓይን ከታየው ይረዝማል። ጫፉን በ6 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ብሳው፤ አለዚያ ስንጥቁ ከብየዳው አልፎ ይቀጥላል።

ሻንሲውን በክሪክ አንስተህ በጠንካራ መቆሚያ ደግፍ፣ ስንጥቁ ሸክም አይኑርበት። ባትሪውን ንቀል፣ የጋዝ ሲሊንደሩን አውርድ፣ ከቤቱ ወለል ሥር ያለውን ፕላስቲክና ፎም ከአካባቢው አንሳ፤ ብየዳ ሲነካቸው ይቀጣጠላሉ። ስንጥቁ በግራይንደር በቪ ቅርጽ ተከፍቶ እስከ ውስጥ ይበየድ፤ ከዚያ በሻንሲው ውፍረት ልክ የሆነ ብረት ይደረብበት። ብዙ በያጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ አራት ማዕዘን ብረት ቆርጦ ዳሩን ከላይ እስከ ታች ቀጥ አድርጎ ይበይዳል፤ ሻንሲው በዚያው መስመር እንደገና ይሰነጠቃል። የብረቱ ሁለት ጫፎች ሾጣጣ ይሁኑ፣ የታችኛው ክንፍ (የሻንሲው ብረት የታች አግድም ጠርዝ) ላይ ደግሞ አግድም ብየዳ አይሂድ።

ሌላኛውንም ጎን መርምር፣ የባሌስትራ ቡሽ (በማያያዣው ውስጥ የሚገባው ቱቦ) ካለቀ ቀይር። በመጨረሻም ሙሉ ጭነቱን ይዘህ በከባድ መኪና ሚዛን አስመዝን፤ አክስሉ (የጎማዎቹ ዘንግ) ላይ ከተጻፈው ክብደት በላይ ከጫንክ ጥገናው አይቆይም።