መልስ፦ በቀን 1,667 ቃል ለመጻፍ ስላቃተዎት

ግቡን አይተዉት፤ ቁጥሩን ግን ይቀንሱት። አዘዞ እያስተማሩ ማታ ማታ ለሚጽፉት ልብ ወለድ በቀን 1,667 ቃል እንደወሰኑ፣ ያልሞላው ሁሉ እንደ ዕዳ ተከማችቶ ጭራሽ መጻፍ እንዳስቆመዎት ገልጸዋል። ይህ ቁጥር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ ከተጀመረው፣ በኖቬምበር 30 ቀናት 50,000 ቃል ለመጻፍ ይደረግ ከነበረው ዘመቻ ነው፤ ለአንድ ወር ጥድፊያ የተሰላ እንጂ ለሥራ ገበታ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚዘለቅ አይደለም። በዚያ ላይ የአማርኛ ግስ ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን በአንድ ቃል ስለሚይዝ፣ በእኛ ቋንቋ 1,667 ቃል ከእንግሊዝኛው እኩያው የበለጠ ሥራ ነው።

1. በሳምንት አምስት ቀን 300 ቃል ይጻፉ። በዓመት ሁለት ሳምንት ቢያርፉ እንኳ (በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ውስጥ ማን ቁጭ ብሎ ይጽፋል?) 75,000 ቃል ይሆናል።

2. ያልሞላውን ወደ ነገ አያሻግሩ።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የወጣት ጸሐፊዎችን ረቂቅ ሳነብ እንዳስተዋልሁት፣ ቁጥር የሚያሳድድ ሰው ሳያውቀው የገጸ ባሕርያቱን ሰላምታ ያስረዝማል፣ የተናገረውንም ይደግማል፤ መሰረዝ ደግሞ ኪሳራ ይመስለዋል። ስለዚህ የቃል ግብ ለመጀመሪያው ረቂቅ ብቻ ይሁን። እርማት ሲጀምሩ በሰዓት ይለኩ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ 200 ቃል የሰረዙበት ማታም እንደ ሥራ ቀን ይመዝገብልዎ።