«በማርያም ይዤሃለሁ» ብዬ ወንድሜን ኩላሊት ልለምነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ15 ዓመት ልጄ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊሲስ ያደርጋል። ሐኪሞቹ ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል አሉ። የእኔ ደም ኤ፣ የእሱ ኦ ስለሆነ አልገጠምንም። የታናሽ ወንድሜ ገጠመ። እሱ ግን ፈራ። «በትንሣኤ ቀን ጎዶሎ ሆኜ ልነሣ?» ይለኛል። ጎረቤቶቼ ደግሞ ጸበል እያለ ሆስፒታል ምን ያንከራትትሻል ይሉኛል። «በማርያም ይዤሃለሁ» ብዬ እግሩ ላይ ብወድቅ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ልጅሽን ይማርልሽ።

ጎረቤቶችሽ ክፉ አስበው አይደለም። ግን ጸበልና ሕክምና አይጣሉም። ንጉሥ ሕዝቅያስ ታሞ ወደ እግዚአብሔር ከጸለየ በኋላ ነቢዩ ኢሳይያስ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ አስደርጎለታል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ይላል። ልጅሽን ጸበል ውሰጂው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ዲያሊሲስ ላይ ያለ ሰው የሚጠጣው ፈሳሽ የተመጠነ ነው። በእምነት አንድ ጉንጭ ይበቃዋል። በጆግ አታጠጪው፤ ውኃው ሳንባው ላይ ሊጠራቀም ይችላል። አንገቱ ወይም ደረቱ ላይ ቱቦ ካለውም እንዳይርስበት። ለአጥማቂው አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ወንድምሽን ደግሞ እንዲህ በይልኝ። ኅዳር 27 የምናስበው ሰማዕቱ ያዕቆብ ግሙድ አካሉ ተቆራርጦ ነው ያረፈው። የአባታችን የተክለ ሃይማኖት እግር ከጸሎት ብዛት ተሰብራለች። የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥጋ ፈጭተው በደብረ ይድራስ በትነውታል። እነዚህ ጎዶሎ ሆነው ይነሣሉ የሚል ክርስቲያን አለ? ከአፈር ያበጀን አምላክ አንድ ኩላሊት አይቸግረውም። ቅዱስ ጳውሎስ እንኳ የገላትያን ሰዎች ቢቻላችሁ ዓይናችሁን አውጥታችሁ በሰጣችሁኝ ነበር ሲላቸው፣ ፍቅራቸውን እየመሰከረላቸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። አይሆንም እኅቴ፣ በእመቤታችን ስም አትያዢው። ጭንቀትሽ ይገባኛል፤ ልጅ የታመመበት ሰው ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። ግን በስሟ ከያዝሽው እንዴት እምቢ ይላል? እምቢ ማለት ያልቻለ ሰው ደግሞ እሺ ቢልም ሰጠ አይባልም፤ ተወሰደበት እንጂ። ሐዋርያው «እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ ይስጥ፥ በኀዘን ወይም በግድ አይደለም» ብሏል።

ፍርሃቱም ሁሉ ካለማወቅ የመጣ አይደለም። ጤነኛ ሰው በአንድ ኩላሊት መኖር ይችላል፤ ቢሆንም ቀዶ ሕክምና ቀዶ ሕክምና ነው። ሥራው አለ፣ ቤተሰቡ አለ። ከዚያም በኋላ በየጊዜው መመርመር አለበት። ልጅሽም ቢሆን ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው በየቀኑ መድኃኒት እንደሚወስድ፣ ያም ዕድሜ ልክ እንደሆነ ይወቅ። ድሮ ለዚህ ሕንድ ወይም ታይላንድ መሄድ ነበረብን። በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ወዲህ አገር ውስጥ ያለፉበት ለጋሾች አሉ። ከእነሱ አንዱን አግኝቶ ቢያወራ ከእኔ ስብከት ይልቅ ይረዳዋል።

ሐኪሞቹን ለብቻው ያነጋግራቸው። አንቺ አብረሽው አትግቢ። ከንስሐ አባቱም ጋር ይምከር። ከዚያ በፊት ግን ቤቱ ሂጂና «እምቢ ብትልም ወንድሜ ነህ» በይው። ከልብሽ ካልሆነ አትበይው። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ።

እምቢ ካለ ሌላ ዘመድ ይመርመር፤ ዲያሊሲሱም አይቋረጥ። በገንዘብ እንግዛ የሚል ደላላ ቢመጣ ግን ጆሮ አትስጪው። የድሃ አካል ሸቀጥ አይደለም።

የልጅሽንም የወንድምሽንም የክርስትና ስም ላኪልኝ። በቅዳሴ ሁለቱንም እናስባቸዋለን።