መልስ፦ የቤንጋዚውን የጥበቃ ጥያቄ የከለከለው ማን ነው?

«በ2012 (እ.ኤ.አ.) ጥቃት ለደረሰበት፣ ሊቢያ ቤንጋዚ ለሚገኘው የአሜሪካ ዲፕሎማሲ ግቢ ተጨማሪ ጠባቂ ሲጠየቅ የያኔዋ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሂላሪ ክሊንተን ራሷ ፈርማ ከልክላለች ይባላል፤ እውነት ነው?» ላልከው፦ ከዋሽንግተን ወደ ኤምባሲዎች የሚላክ ቴሌግራም ሁሉ ግርጌው ላይ የሚኒስትሩ ስም ይሰፍራል፣ ሚኒስትሩ ጨርሶ ባያየውም። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የተጋጋለው የፊርማ ክርክር የመጣው ከዚህ ልማድ ነው። የጠባቂ ቁጥር የሚወሰነው ዝቅ ብሎ፣ በሚኒስቴሩ የዲፕሎማቲክ ደኅንነት ቢሮ ነው።

እኔ የምከራከረው በሌላ ነጥብ ነው። የናይሮቢና የዳሬሰላም የአሜሪካ ኤምባሲዎች በ1998 በቦምብ ከተመቱ በኋላ የወጣው የ1999 ሕግ አዲስ ሕንፃ ከግቢው ዙሪያ 100 ጫማ፣ ማለትም 30 ሜትር ያህል እንዲርቅ ያስገድዳል። የቤንጋዚው ግቢ ግን «ጊዜያዊ መኖሪያ» ተብሎ ስለተያዘ ለቢሮ ሕንፃ ከተቀመጠው መስፈርት አመለጠ። በዋና ከተማዋ ትሪፖሊ የነበረው 16 አባላት ያሉት የወታደር ቡድንም ነሐሴ 2012 ላይ ወጣ። ጥቃቱ በደረሰበት በመስከረም 11 ሌሊት (በፈረንጆቹ) ግቢው ውስጥ የነበሩት የደኅንነት ወኪሎች አምስት ብቻ ናቸው። በመኖሪያ ቤቱ የነበረው የብረት ፍርግርግ አጥቂዎቹን አምባሳደሩ ከተሸሸጉበት ክፍል አግዷል፤ ናፍጣ አርከፍክፈው ቤቱን ሲያቃጥሉት ግን ጭሱን ማን ያግደው? በሊቢያ የአሜሪካ አምባሳደር ስቲቨንስና የሚኒስቴሩ ሠራተኛ ሾን ስሚዝ የሞቱት በጭስ ታፍነው ነው።

«በጀት ስለተቀነሰ ነው» የሚለውን መከራከሪያ ደግሞ በደኅንነት ቢሮው ምክትል ረዳት ሚኒስትር የነበሩት ሻርሊን ላም ጥቅምት 2012 የአሜሪካ ምክር ቤት ቀርበው አልተቀበሉትም። ጥቃቱን የመረመረው የሚኒስቴሩ አጣሪ ቦርድ ጥበቃው ፈጽሞ በቂ እንዳልነበረ ጽፎ 29 ምክረ ሐሳብ አቀረበ፤ የአመራር ድክመት ብቻውን በሕጉ «ግዴታን መጣስ» ስለማይባል ግን በማንም ላይ የዲሲፕሊን እርምጃ አልጠየቀም።