«ደሴ ድንገተኛ የገባ በእግሩ አይወጣም» ትላለች እናቴ

ጥያቄ፦ እናቴ 61 ዓመቷ ነው። የምንኖረው ሐይቅ ነው። ደም ግፊት አለባት፤ ረመዳን ሲገባ መድኃኒቷን አቁማ ከዚያ ወዲህ አልጀመረችም። ባለፈው ረቡዕ ቡና እያፈላች ሳለ አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። ቀኝ እጇ ከዳት፣ ጀበናው ወደቀ። ብናናግራት ምላሷ ተሳሰረ። ጎረቤቶች ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሹላት፣ ጨምቀውም አጠጧት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ለቀቃት። አንዷ ጎረቤታችን ከራሳቸው የግፊት መድኃኒት ሁለት ፍሬ ሰጧት። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወስደናት ወደ ደሴ ሪፈር ጻፉልን። እሷ ግን «ደህና ነኝ፤ ደሴ ድንገተኛ የገባ በእግሩ አይወጣም» ብላ እምቢ አለች። ይኸው 5 ቀን ሆናት። ለመሆኑ ድንገተኛ ክፍል ወረፋው ስንት ሰዓት ይፈጃል? ጠዋት ብንሄድ ይሻላል ወይስ ከሰዓት?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ወረፋ ነው። ያስጨነቀዎት ግን ወረፋው አይመስለኝም። እናቴ ገብታ ባትወጣስ ብለው ነው። እሳቸውም የፈሩት ይህንኑ ነው።

ድንገተኛ ክፍል ሰው ይሞታል፤ አልዋሽዎትም። የደሴው ትልቁ ሆስፒታል ከደቡብ ወሎ ብቻ ሳይሆን ከሰሜን ወሎም፣ ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንም፣ ከአፋርም የጠናበት ሁሉ የሚላክበት ነው። ብዙዎቹ ቤት ከርመው፣ ሁሉን ሞክረው፣ አልሆን ሲል የሚመጡ ናቸው። የሞተውን አገር ይሰማል፤ ለቅሶ ይጠራበታል። በእግሩ ገብቶ፣ ታይቶ፣ መድኃኒቱን ይዞ በሚኒባስ የተመለሰውን ግን ማን ያወራለታል? እናትዎ ዛሬ ቢሄዱ ከእነዚህኞቹ ወገን የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው። አብሽሩ።

ዛሬ ቢሄዱ ነው ያልኩት። የነገሩኝ ምልክት ሁሉ የሚጠቁመው ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ለጥቂት ደቂቃ ተቋርጦ እንደነበር ነው። ጊዜያዊ ስትሮክ እንለዋለን። ምች አይደለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በዚህ በምች ነገር ስንት ሰው ሲጎዳ አይቻለሁና። ምች የምንለው ፀሐይ ላይ ውለን ሲያተኩሰን፣ ራሳችንን ሲያመን፣ ከንፈራችን ሲቆስል ነው። ለዚያ ዳማከሴ ቢታሹ አልከራከርም፤ እኔም በልጅነቴ ታሽቻለሁ። እጅ የሚያስጥል፣ ምላስ የሚያስር ምች ግን የለም። «ታዲያ በዳማከሴው ለቀቃት እኮ» ይሉኝ ይሆናል። ጊዜያዊ ስትሮክ ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች ቆይቶ በራሱ ይለቃል። በውኃም ቢያሿቸው ኖሮ በዚያው ደቂቃ ይለቃቸው ነበር። ምስጋናውን የሚወስደው ግን ዳማከሴው ነው። በሚቀጥለው ጊዜ እውነተኛው ስትሮክ ሲመጣም ቤተሰቡ መኪና ፍለጋ አይሮጥም፤ ጓሮ ገብቶ ዳማከሴ ይቀነጥሳል። ያኔ አይለቅም።

ጨምቀው ማጠጣታቸው ደግሞ ከማሸቱ የባሰ ነው። ምላሱ የተሳሰረ ሰው መዋጥም ሊያቅተው ይችላል። የጠጣው ነገር ወደ ሳንባው ይወርዳል። ዳማከሴም ይሁን ውኃ፣ ወተትም ይሁን ጠበል፣ በዚያ ሰዓት በአፉ ምንም አይግባ።

የለቀቀው ነገር ነው እኔን የሚያሰጋኝ። ያልለቀቀውን ሰው ቤተሰቡ ተሸክሞም ቢሆን ያመጣዋል። የለቀቀውን ግን «አለፈላት፣ አልሐምዱሊላህ» ብሎ ቡናውን ይቀጥላል። ከእንዲህ ዓይነቱ ምልክት በኋላ ትልቁ ስትሮክ ሊከተል የሚችልበት ዋናው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ናቸው። እናንተ እነዚያን ቀናት ቤት ተቀምጣችሁ አሳልፋችኋል። ሪፈሩ በእጃችሁ እያለ! እውነቱን ልንገርዎ፣ እዚህ ላይ ተናድጃለሁ። ለእኔ የጻፉበት ጊዜ ደሴ ያደርስ ነበር። እነዚያ ቀናት በሰላም አለፉ፤ አደጋው ግን ለሳምንታት ይቆያል። ስለዚህ መሄዱ አሁንም ዋጋ አለው።

ጎረቤት ስለሰጧቸው ሁለት ፍሬ ምን ልበል? የመድኃኒቱን ስም እንኳ አልጻፉልኝም። አንጎል ደም ባጠረው ሰዓት ግፊትን ድንገት መጣል ጉዳቱን ያብሳል። «አስፕሪን ጥሩ ነው» ብሎ የሚመክርም አይጠፋም። ስትሮክ በደም መርጋትም በደም መፍሰስም ይመጣል፤ ከውጭ ሲያዩት አንድ ነው። የሚለየው ሲቲ ስካን ነው። ፈሶ ከሆነ አስፕሪን ያባብሰዋል። ሐኪም ሳያያቸው አይስጧቸው።

አሁን ወደ ወረፋው። ድንገተኛ ክፍል ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው። ስለዚህ ጠዋት ወይስ ከሰዓት የሚባል ነገር የለም፤ ይህን እንዳነበቡ ይነሱ። ወረፋው በአመጣጥ አይደለም፣ በሕመሙ ክብደት ነው። መግቢያው ላይ ትሪያጅ የሚባል ቦታ አለ። ነርሷ ግፊት፣ ትንፋሽ፣ የልብ ምት ለክታ ቀለም ትሰጣለች፦ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ቀዩ ወዲያው ይገባል፤ አረንጓዴው ሰዓታት ሊጠብቅ ይችላል። ከእናንተ በኋላ የመጣ ቢቀድማችሁ አድልዎ ነው ብለው አይቆጡ።

አንድ ነገር ግን አደራ። እናትዎ በእግራቸው ነው የሚገቡት። «ምን ሆኑ?» ሲሏቸው «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ነው የሚሉት። ያገራችን እናቶች ትንፋሻቸው እየተቆረጠም ደህና ናቸው። ነርሷም አምና አረንጓዴ ብትሰጣቸው አልፈርድባትም። ስለዚህ ቀድመው እርስዎ ይናገሩ፦ «ረቡዕ በዚህ ሰዓት ፊቷ ተጣሞ፣ ቀኝ እጇ ከድቷት፣ ንግግሯ ጠፍቶ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ቆየ፤ የግፊት መድኃኒት አቁማለች።» ከዚህ በላይ የሚጠቅም ወረቀት የለም። ወረቀቶቹንም ግን ይያዙ፤ ሪፈሩን፣ የክትትል ካርዱን፣ የጤና መድን ደብተሩን። የመድኃኒት ቀፎዎቹንም፣ ጎረቤት የሰጡትን ጨምሮ። ከውጭ የሚገዛ ነገር ሊታዘዝ ስለሚችል ጥቂት ገንዘብ አይጥፋ። ጋቢም ይያዙ፤ የደሴን ብርድ ያውቁታል። አስታማሚ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ይበቃል፤ የሐይቅ ሰው ሁሉ ተጭኖ አይምጣ።

እዚያ የጣት ደም ወስደው ስኳር ይለካሉ፤ ስኳር ሲወርድም ስትሮክ ይመስላልና። ልብን በኤሲጂ ያያሉ። ሲቲ ስካን ያዙ ይሆናል። አስተኝተው ሊከታተሏቸውም ይችላሉ፤ ለክትትል መተኛት መሞት ማለት እንዳልሆነ ለእናትዎ ደጋግመው ይንገሯቸው።

ከመሄዳችሁ በፊት ወይም መንገድ ላይ ካገረሸባቸው መጀመሪያ ሰዓት ይመልከቱ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በሚገኝበት ቦታ እንኳ የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ 4 ሰዓት ተኩል ሳያልፍ ነው። በጎናቸው ያስተኟቸው። የወረዳውን አምቡላንስ ወይም ቀይ መስቀልን በ907 ይጥሩ። ካልተገኘ ያገኙት መኪና ይበቃል።

ስለ ረመዳኑ እናትዎን አይቆጧቸው። ጾመኛ ሰው ግራ ይጋባል፤ ያስረዳቸውም ሰው ያለ አይመስልም። ብዙው የግፊት መድኃኒት በቀን 1 ጊዜ የሚወሰድ ነው። ስለዚህ ወደ ኢፍጣር ወይም ወደ ሱሁር ማዛወር ይቻላል። ስትሮክ የነካው ሰው መጾም ይችላል ወይ የሚለውን ግን የሚወስነው የሚከታተላቸው ሐኪም ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ረመዳን ሊገባ አንድ ወር ሲቀረው ሄደው ይጠይቁ።