መልስ፦ የቦዶኒን ቀጭን መስመር ለአማርኛ ርእስ ልቅዳ ወይ?

ወንድሜ፣ ለደብረ ብርሃኑ መጽሔት ርእስ የቦዶኒን (ወፍራሙና ቀጭኑ መስመሩ በጣም የሚለያይ የላቲን ፊደል ቅርጽ ነው) ቀጭን መስመር እንዳለ ልቅዳ ወይ ላልከው፣ እኔ አልመክርህም። ላቲኑ ላይ ያምራል። እኛ ጋ ግን ቀጭኗ መስመር ድምፅ ትለውጣለች። «ቡልጋ» ብለህ ጻፍ እስቲ። «ቡ»ን ከ«በ» የሚለያት ጎኗ ላይ ያለችው አጭር ሰረዝ ብቻ ናት። እሷ ከሳሳች «በልጋ» ተብሎ ይነበባል፤ የቡልጋ ሰው ደግሞ ዝም አይልህም! የ«ቤ»ን ቀለበት ውስጧን ሰፋ አድርገህ ሳላት፤ አለዚያ ስትታተም ቀለም ይደፍናታል። ቋሚውን እንደፈለግህ አወፍረው። በብራና ላይም የመቃ ብዕር ቋሚውን ወፍራም፣ አግድሙን ቀጭን ነው የሚያወጣው፤ ስለዚህ ውበቱን ከውጭ መበደር አያስፈልግህም። ሁሉንም ፊደል ከመሳልህ በፊት «ተጉለትና ቡልጋ»ን ብቻ አትመህ ግድግዳ ላይ ለጥፍና ራቅ ብለህ እየው።